አሳዳጊ የበደላት ሸለምጥማጥ

ሸለምጥማጥ ጠበቃ የላትም። ጅብ እንኳን ያን ሁሉ ክፋቱን ይዞ ስንት ተረትና ምሳሌ ተሰጥቶታል፤ ጦጣ በብልጠቷ፣ ጥንቸል በሩጫዋ፣ አንበሳም በጌትነቱ ሲወደስ ይኖራል። የሸለምጥማጥ ስም የሚነሣው ግን ዶሮ የጠፋ ዕለት ጠዋት ብቻ ነው፤ ያውም ከእርግማን ጋር። በእኛ ሰፈር እጁ አላርፍ ያለ ልጅ «ሸለምጥማጥ» ይባላል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ይኸው ስም በተራው ለእኛ ደረሰን፤ «የሸለምጥማጥ ሞግዚቶች» ተባልን። ስሙ እስከ ዶርም ድረስ ተከትሎን ስለመጣ፣ በየሻይ ቤቱ በተቆራረጠ ወሬ ከምንታማ ነገሩን ከነሥሩ ብናወጋችሁ ይሻላል ብለን ብዕር አነሣን።

ሦስት ነን። ሁለታችን አማርኛ፣ አንዳችን ታሪክ እናጠናለን፤ ሦስታችንም የቆላ ድባ ልጆች ነን። ቆላ ድባን ለማታውቁ፣ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደምቢያ ከተማ ናት። ስሟ ቆላ ይበል እንጂ አየሯ ወይና ደጋ ነው። መሬቱ ሜዳ፣ አፈሩ ጥቁር መረሬ፤ ክረምት ጫማ ከእግር ያወልቃል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጣጠቃል። ጤፉ፣ ሽምብራው፣ ጓያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከዚያ ይመጣል። ዩኒቨርሲቲያችንም ከዚያ መጣ ብንል ብዙ አላጋነንም፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው ወባ 7,000 ያህል ሰው ፈጅቶ ነበርና፣ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ያ እልቂት ነው። የጤና ተማሪዎች ነጭ ጋዋን ለብሰው ሲኩራሩብን ይህን እናስታውሳቸዋለን።

ስለ ጎንደር አውሬ ሲወራ ሁሉም ሰው ወደ ስሜን ያንጋጥጣል። አይፈረድበትም። ዋልያው፣ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው እዚያ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ፣ በ2017 ደግሞ ከዚያ መዝገብ ወጣ። የእኛ አገር አውሬ ግን መዝገብም ካሜራም አይጠብቀውም። ማታ ከጣሪያ ላይ ኮሽታው የሚሰማ፣ ጠዋት ላባ በትኖ የሚሄድ ነው። ደግሞ እኮ፣ በ1830ዎቹ ጎንደር ድረስ መጥቶ ዋልያንና ጭላዳን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሩፔል፣ በዚያው ዘመን አንዲት ሸለምጥማጥም አስመዝግቧል፤ የሳይንስ ስሟ ላይ «አቢሲኒካ» የሚል ቅጽል ተቀጥሎላት እስከ ዛሬ ትጠራበታለች። ከአንድ ሰው ብዕር የወጡ ናቸው። ዋልያ የብሔራዊ ቡድን ስም ሆነ፣ ሸለምጥማጥ የሌባ ስም ሆነች።

መልኳን በቀን አይቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው የዱር ድመት ይላታል፤ ድመት አይደለችም፣ ወገኗ ከጥርኝ ነው። ገላዋ ቀጭንና ረጅም፣ እግሯ አጭር፣ አፍንጫዋ ሹል ነው። ጠጉሯ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተደርድሮበታል፤ ጅራቷ ደግሞ ከገላዋ የማይተናነስ፣ ቀለበት ቀለበት የተሣለበት። ሌሊት ብቻዋን ትወጣለች። ስትበላም አይጥ፣ ወፍ፣ እንቁላል፣ አንበጣና ጢንዚዛ፣ ፍራፍሬም ጭምር ነው። ዶሮ የምትሰርቀው ዶሮ ከአይጥ ይልቅ ሳትሮጥ ስለምትያዝላት ነው። ዋናው ጥበቧ ግን ሌላ ነው፦ ራሷ የገባበት ቀዳዳ ገላዋንም ያስገባል። ይህን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩ የሆነው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ከቤታችን (ከሦስታችን የአንዳችን ቤት ማለታችን ነው) አጥር ማዶ አንዲት እማሆይ ይኖራሉ። ባላቸው ካረፉ በኋላ ቆብ ደፍተው፣ ልጆቻቸውም በየአገሩ ተበትነው፣ የሚተዳደሩት በዶሮና በእንቁላል ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ዶሮ ከነአውራው አለቀባቸው። አምስት ዶሮ ለተማሪ የአንድ ድግስ ወጥ ሊመስለው ይችላል፤ ለእማሆይ ግን የዘይት ነው፣ የጨው ነው፣ የዕድር ነው። ቢቸግራቸው ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝተው፣ ከሥጋ ጋር ለውሰው፣ ከቆጡ ሥር አኖሩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሸለምጥማጧ ከቦዩ ዳር ተዘርግታ ተገኘች።

የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በጅራቷ እየጎተተ አዞራት። በግ የገደለ ነብር ተገደለ ብትሉ እንዲያ ያለ ሆታ አይሰማም። ከዚያ ሁሉ ግርግር መሐል አንዲት ልጅ ብቻ፣ የአንዳችን ታናሽ እህት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ጎንበስ ብላ ሆዷን አየችና «ጡቷ አግቷል፤ ይቺ አራስ ናት» አለች። ማንም አልሰማትም። እኛም በደንብ አልሰማናትም ነበር፤ ማታ ከማጀቱ ጣሪያ፣ ከሣር ክዳኑና ከማገሩ መካከል፣ የጫጩት የመሰለ ጩኸት እስኪነሣ ድረስ። ሌሊቱን ሙሉ ጮኸ። ንጋት ላይ መሰላል አስደግፈን ወጣን።

ሁለት ናቸው። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ እግራቸው ግን ገና አልጸናም። ሁለቱም ተደምረው አንድ መሐረብ አይሞሉም። ያንን ነጠብጣባቸውን ከልደታቸው ጀምሮ ለብሰውት ነው የሚመጡት። እናታችን (የቤቱ እናት) ከታች ሆነው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ወደ ወጡበት አትመልሷቸውም?» አሉ። አባት ደግሞ ቆጥረው እንደ ጨረሱ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁና «አስተማርናችሁ፤ ያስተማርናችሁ ለዚህ ነው» ብለው ወጡ። ይህን ንግግር ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ እንከራከርበታለን።

ከሁሉ አስቀድመን ያደረግነው፣ ጎንደር የእንስሳት ሕክምና የሚያጠና ወዳጃችን ጋ መደወል ነው። መልሱ ተከታታይ ትእዛዝ ነበር። በባዶ እጅ አትንኩ፤ ወፍራም ጨርቅ ወይ ጓንት ይሁን። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ከማንኛውም አጥቢ አውሬ ምራቅ ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቀላል። ከነከሳችሁ በውኃና በሳሙና ደጋግማችሁ አጥባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ከላም ወተት የፍየል ይሻላል፤ ለብ ይበል። ከጠጡ በኋላ ሆዳቸውን በረጠበ ጨርቅ አሹላቸው፣ እናታቸው በምላሷ የምታደርገው እሱን ነው፤ ካልሆነ ሽንታቸው አይወርድም። በመጨረሻም፣ «ስም እንዳታወጡላቸው» አለን። ለምን ብንለው፣ ስም የወጣለት አውሬ ከሰው ቤት አይወጣም፣ ከሰው ቤት ያልወጣ ሸለምጥማጥ ደግሞ መጨረሻው የእናቱ ነው አለ። እኛ ምሳሌና ዘይቤ ስንቆጥር የምንውል ሰዎች፣ ለሁለት ግልገል ስም ማውጣት ተከለከልን! እንግዲህ «ትልቁ» እና «ትንሿ» ብለን ቀረን።

ሁለተኛው ነገር ማመልከቻ ነበር። በአገራችን ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ በቤት ማኖር አይቻልም፤ አዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚሉት ነው። ስለዚህ አማርኛ ካጠናን አይቀር ብለን ጥሩ አድርገን ጻፍነው፦ «ጉዳዩ፦ ሁለት የሸለምጥማጥ ግልገሎችን ይመለከታል»። ያን ወረቀት የተቀበለን ባለሙያ ሦስት ጊዜ አነበበው። መጀመሪያ እኛን አየ፣ ቀጥሎ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ በሩን። ወዲያው ግን ከልቡ ሆኖ፣ እስኪጠኑ ድረስ እንድንይዛቸው፣ ሲጠኑ ወደ ደን እንድንመልሳቸው፣ ስንመልስም እንድናስታውቅ ነገረን። እንደ ሆለታው ያለ ማዕከል፣ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ከነጋዴ እጅ የተነጠቁ አንበሶችንና አቦ ሸማኔዎችን የሚያኖርበት ዓይነት፣ በእኛ አቅራቢያ የለም። መንገድ በሳምንት ስንት ቀን በሚዘጋበት በዚያ ክረምት ደግሞ እንኳን ሆለታ፣ ጎንደርም ሩቅ ነበረች።

ወደ እማሆይ ቤት የሄድነው በዚያው ዕለት ነው። ጎረቤት ናቸው፤ ነገሩን ከሌላ አፍ ቢሰሙት ደግ አይሆንም። ቡና እያፈሉ አገኘናቸው።

«እማሆይ፣ የሸለምጥማጧን ልጆች አገኘናቸው» አልን።

«እሰይ። ገደላችኋቸው?»

«ልናሳድጋቸው ነው።»

ጀበናውን አወረዱ። ብዙም አልተቆጡም፤ ቢቆጡን ይሻለን ነበር። «ዶሮየን ስትበላት ስድስት ጫጩት ጥላ ነው የሄደችው» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስቱን ጭልፊት ወሰዳቸው፣ ሦስቱ ብርድ መታቸው። ያን ጊዜ ላሳድግ ብሎ ማን መጣ፣ ልጆቼ?»

ቡናውን ጠጥተን ወጣን። ክርክር ተምረናል፣ ሂስ ተምረናል፣ ሃያ ገጽ የሚሞላ ጽሑፍ በአንድ ሌሊት እንጽፋለን፤ ለዚህች ጥያቄ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ከሦስታችን ኪስ አልወጣም። ከመካከላችን ታሪክ የሚያጠናው፣ ሁልጊዜም ነገር የሚያከብደው እሱ ነው፣ «ምንም ያልጠፋበት ሰው ርኅሩኅ መሆን አይከብደውም» አለ መንገድ ላይ። ሌላው ተናደደ፤ ስለዚህ ይሙቱ ማለትህ ነው? ብሎ ጮኸበት። ለሦስት ቀን ተኳረፍን። ወተቱን ግን በተራ ማጠጣት አላቋረጥንም፤ የተኳረፈ ሰው እንኳ በየሦስት ሰዓቱ ሲሪንጅ መቀባበል አለበትና።

ሌሊቱ ረጅም ነበር። መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ በስልክ ብርሃን አንዱ ጨርቁን ይይዛል፣ አንዱ መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ትልቁ ይስገበገባል፤ ወተቱን ጨርሶ ሲሪንጁን ይነክሳል። ትንሿ ግን ከመጀመሪያውም ደካማ ነበረች፤ ስትውጥ እንኳ እያረፈች ነው። በእነዚያ ሌሊቶች ነው የታሪክ ተማሪው ስለ ጥርኝ ያጫወተን፣ ኩርፊያው እንደ ለቀቀው። እ.ኤ.አ. በ1699 ዐፄ ኢያሱን ለማከም ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ፣ እንፍራንዝ ስለነበረው ገበያ ጽፏል። የባሪያና የዝባድ ንግድ የደራበት ነበረ፤ እስከ 300 ጥርኝ የሚያኖር ነጋዴም ነበር ይለናል። ጥርኟን በጠባብ ጎጆ ዘግተው፣ ሥጋና ወተት እየቀለቡ፣ በየሳምንቱ ዝባዷን እየፋቁ ይወስዱላታል። ዝባዱ በቀንድ ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሽቶ ይሆናል። እንፍራንዝ ማለት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ መኪናው ቁርስ የሚያቆምባት ያቺው ከተማ ናት። እንግዲህ ይህ አገር የሸለምጥማጥን ዘመዶች መቀለብ ዛሬ አልጀመረም። ለሚፋቅ ነገር ሲሆን ማንም አልሳቀም። እኛ ላይ የሚሳቀው የምንፍቀው ስለሌለን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሩቅ አገር ነገር እንጨምር፤ ከጽሑፍ ያገኘነው ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ፖሰም የሚባል የሌሊት አውሬ አለ። ልጁን በሆዱ ከረጢት ያሳድጋል፤ ዛፍ ሲያጣ ከሰው ቤት ጣሪያ ሥር ይገባል፣ ሌሊት ያንኳኳል፣ እንደኛዋው ማለት ነው። በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ አይገደልም። እናቱ በመኪና የተገጨችበትን ግልገል እቤታቸው ወስደው፣ በጨርቅ ከረጢት አንጠልጥለው፣ ወተት እያጠጡ አሳድገው የሚለቁ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች አሉ፤ ሥልጠናና ፈቃድ አላቸው። ባሕሩን ተሻግራችሁ ኒውዚላንድ ስትደርሱ ግን ያው ፖሰም ጠላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ለጠጉሩ ንግድ ብለው ሰዎች ራሳቸው አስገቡት፤ ተራብቶ የአገሩን ዛፍ ቅጠል ገፈፈ፣ የወፎቹን እንቁላልና ጫጩት በላ፤ አሁን በመርዝና በወጥመድ ያሳድዱታል። መንግሥት በ2016 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2050 ጨርሶ ሊያጠፋው ነው። አንድ አውሬ፣ በአንዱ ዳርቻ በጡጦ፣ በሌላው ዳርቻ በመርዝ። ሁለቱም አገሮች ምክንያት አላቸው፤ እኛን የገረመን ግን ሁለቱም ጋ ዋጋው የሚከፈለው ከመንግሥት ካዝናና ከፈቃደኛ ኪስ መሆኑ ነው። ደምቢያ ውስጥ የሸለምጥማጥን ዋጋ የምትከፍለው አንዲት ባልቴት ናት። በሕይወት ብትኖር በዶሮዋ፣ ብትሞት በመርዝ መግዣዋ።

ይህን ስናስብ ነው ነገሩ የተገለበጠልን። ግልገሎቹን ማሳደግ ሥራው ግማሽ አይሆንም፤ ሥራው የእማሆይ ቆጥ ነው። ቆጡን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየነው ያን ጊዜ ነው። ከጭራሮና ከጭቃ የተሠራ፣ ጭቃው የረገፈ፣ በሩ ላይ አንድ የተሰበረ ጣውላ። እላይ የነገርናችሁን ያዙ፤ ራሷ የገባበት ቀዳዳ ገላዋን ያስገባል። ያ ቆጥ ለሸለምጥማጥ በር አልነበረውም ማለት ይቻላል፣ ሁሉም ጎኑ በር ነው።

ደቦ ጠራን። ደቦ ስንጠራ «ለምን?» ላሉን «ለእማሆይ ቆጥ» እንጂ ለሸለምጥማጥ አላልንም፤ እውነትም ነበር። ስምንት ሆነን መጣን። ከእኛ ታላላቆች መካከል እምቦጭ ጣናን በወረረ ጊዜ ከውኃ ውስጥ ቆመው አረሙን የነቀሉ ነበሩበት። አረሙ ሐይቁ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በ2017 ተማሪው በየመኪናው ተጭኖ ለነቀላ ሲጎርፍ የደምቢያ ዳርቻ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። «ያኔ ቴሌቪዥን ነበር፣ ዘፈን ነበር» አለን አንዱ፣ ጭቃ እያቦካ። «ለዶሮ ቤት የሚዘፍን የለም።» እሱ ራሱ ግን ዘፈነ።

መሠረቱን በድንጋይ ካብነው፤ ከሥር ቆፍሮ የሚገባም አለና። ግድግዳውን ከጤፍ ጭድ በተቦካ ጭቃ መረግነው። መስኮቱን ሁለት ጣት በማያስገባ ወንፊት ሽቦ ዘጋነው። በሩን አናጺ ሠራው፤ ግጥም ብሎ እንዲዘጋ ሁለት ጊዜ አስመለስነው። የሽቦው ዋጋ ከኪሳችን ወጣ፤ ጥቂት የዶርም ጓደኞቻችንም በስልክ ላኩልን፣ ስማቸውን እንዳንጠራ ስለለመኑን እንተወዋለን። የቤቱ እናት፣ እነዚያ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት፣ ንፍሮና ጠላ ይዘው መጡ። እማሆይ ግድግዳውን በእጃቸው ደበደብ፣ ደበደብ አደረጉና፣ «ይህማ እኔ ከማድርበት ይሻላል» አሉ። ስቀን ስንመለስ አንዳችን ቀና ብሎ የእማሆይን ጣሪያ አየ። እውነታቸውን ነበር። እሱን ለመስከረም ብለን ያዝነው።

ትንሿ በሐምሌ አጋማሽ ሞተች። የእንስሳት ሕክምና ወዳጃችን መንገድ በተከፈተ ቀን መጥቶ አይቷት ነበር፤ ሳንባዋ ነው፣ ከልደቷም አልጸናችም አለ። ጠዋት ስንነሣ ጨርቁ ውስጥ ቀዝቅዛ ነበር፤ ትልቁ ላይዋ ተጠምጥሞ ተኝቷል። የአንዳችን እህት ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ቀበረቻት። ያን ቀን እማሆይ አጥሩን ተሻግረው መጡ። ምንም አልተናገሩም፤ ዝም ብለው ከእኛ ጋር ትንሽ ተቀመጡና ሄዱ። ማጽናናት ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅናቸውም።

ትልቁ ግን አደገ፤ እንዴት አድርጎ! በነሐሴ ወተት አልፈልግም አለ። ሥጋ ከየት ይምጣ? ያን ጊዜ ነው የሰፈሩ ልጆች፣ እናቱን በጅራት የጎተቱት እነዚያው፣ አይጥ ማምጣት የጀመሩት። በወጥመድ የተያዘ ብቻ እንቀበላለን፣ መርዝ የቀመሰ አይጥ የሚበላውንም ይገድላልና፣ ብለን አወጅን። በየጠዋቱ ከበራችን ተሰልፈው፣ አይጣቸውን በጅራቱ አንጠልጥለው ይቆማሉ። የታሪክ ተማሪው በወረቀት ይመዘግባል፤ ማን ስንት እንዳገባ። «በጎንደር ነገሥታት ዘመን ግብር በማር ነበር» እያለ ይቀልዳል። በዚያ ሰበብ የሰፈሩ ወጥመድ በዛ፣ መርዝ ገዢው ቀነሰ። ጎተራ ያላቸው ሰዎች ልጆቻቸውን ራሳቸው ይልኩ ጀመር። ስለ ርኅራኄ ሰብከን አንድ ሰው አላገኘንም፤ ስለ አይጥ ሲሆን ግን ሰፈሩ ሁሉ ወገናችን ሆነ።

ከመስከረም ወዲያ አልነካነውም። ከወፍራም ሽቦ በተሠራ ሰፊ ጎጆ ከጓሮ አኖርነው፤ ምግቡን አስገብተን ዘወር እንላለን። ደህና፣ መነካቱንም አይፈልግም። ጅራቱን እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ አንጨፍርሮ «ትፍ!» ይላል። ይህ ጥላቻው ደስ አሰኘን ብንላችሁ ታምኑናላችሁ? ያን ሁሉ ሌሊት ወተት ያጠጣነው እንዲጠላን ነበር።

የት ይለቀቅ? ደምቢያ ሜዳ ነው፤ ዛፍ ያለው ወይ ባሕር ዛፍ ነው ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው። የቤተ ክርስቲያን ደን ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የ«እመጓ»ው ደራሲ ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ሆኖ በደቡብ ጎንደር ያደረገውን ጥናት ማየት ይበቃል። የአገሩ ነባር ዛፍ የተረፈው በአብዛኛው በየታቦቱ አጥር ውስጥ ነው፤ ወይራው፣ ጥዱ፣ ዋንዛው፣ ብሳናው። ልብ ወለዱን ያነበባችሁ ብዙ ናችሁ፤ ሰውየው ለዛፍ ከብት የማያስገባ የድንጋይ አጥር እንዲካብ የሚታገል መሆኑን የምታውቁ ግን ጥቂት ሳትሆኑ አትቀሩም።

ከከተማው ወጣ ብላ ካለች አንዲት ደብር መሪጌታውን ልናስፈቅድ ሄድን። ነገሩን ሲሰሙ በረጅሙ ሳቁ። «ደኑ የታቦቱ ነው፤ እኔ ማን ነኝ አትግባ የምል?» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «የኔ ቤት ግን ከደኑ ሥር ነው። ዶሮም አለኝ» አሉን።

ጥቅምት ላይ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ሳጥኑን ተሸክመን ሄድን። ለቢሮውም አስታውቀናል። ከአንድ የሾላ ዛፍ ሥር አኑረን በሩን ከፈትንና ራቅ ብለን ተቀመጥን። ጅብ ከሩቅ ይጮኻል። ግማሽ ሰዓት አልወጣም። ቀጥሎ አፍንጫው ወጣ፣ ቀጥሎ ያ ረጅም ገላው። አየሩን አሸተተ፤ ወደ እኛ ሳይዞር ግንዱን ይዞ ሽቅብ ፈሰሰ። ሌላ ቃል አላገኘንለትም፣ ውኃ ሽቅብ ቢፈስ እንዲያ ነው። ቅጠሉ ትንሽ ተንኮሻኮሸ፤ አለቀ። ሳጥኑን እዚያው ተውንለት። የአንዳችን እህት በየማታው አንዳንድ አይጥ ታኖርለት ነበር፤ አራት ሌሊት ወሰደ፣ በአምስተኛው አይጡ ሳይነካ አደረ። ከዚያ ወዲያ አላኖረችም።

ትምህርት ተከፍቶ እኛ ጎንደር ገባን። የእማሆይ ቆጥ ውስጥ ዛሬ ዘጠኝ ዶሮ አለ፤ አንድም አልጎደለም። ጣሪያቸው በመስከረም ተከድኗል።

ባለፈው ሳምንት ግን መሪጌታው ደወሉ። አንዲት ቄብ ዶሮ ጠፍታባቸዋለች። «ላባው ከዋርካው ሥር ነው» አሉ። «የእናንተው ልጅ ይሁን ሌላ ምልክት አልተወልኝም፤ ግን አሳዳጊ የበደለው ሳይሆን አይቀርም።» ስቀው ነው የተናገሩት፤ ዶሮዋ ግን ሄዳለች። ዋጋዋን አዋጥተን ላክን። የቆጣቸውን መስኮት ስፋትም በስንዝር አስለክተን ተቀብለናል፤ አራት ሜትር ሽቦ ይበቃል። ቅዳሜ መንገድ ከተገኘ እንሄዳለን። ጭቃ ማቡካት የሚችል፣ ሁለት ሰው ይጎድለናል።